ያስተማረውን ሊያርም የዞረ ሰው

ልጆቹ «ጋሼ ቁሙ» ይሉታል። ስሙን በራሱ ላይ ያመጣው እሱው ነው። በጫካው መንገድ አሥር እርምጃ ሳይሄድ እጁን ያነሣና «ቁሙ!» ይላል፤ አርባ ልጅ ባለበት ቀጥ ይላል። አንዳንዴ የጉንዳን ሰልፍ መንገድ እያቋረጠ ነው፤ አንዳንዴ ወፍ ጎጆዋን እየሠራች ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም የለም፣ እሱ ራሱ ትንፋሹን ሊሰበስብ ነው። «ጋሼ፣ አሁን ምን አየን?» ሲሉት፣ «ምንም። ምንም ሳያዩ መቆምም ይለመዳል» ይላቸዋል፤ እነሱም ይሳሳቃሉ።

ጫካው ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ የአውቶቡሱ መስመር የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። መግቢያው ላይ አንዲት ክፍል ቢሮ፣ ሁለት መጸዳጃ ቤት፣ ዝናብ ሲመጣ ልጆች የሚጠለሉበት የቆርቆሮ ዳስ አለ። ትምህርት ቤቶች በየተራ ተማሪዎቻቸውን ያመጣሉ፤ ልጆቹ ግማሽ ቀን ስለ ዛፉ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ወፉ፣ ጫካው ውስጥ ስላሉት የድንጋይ ፍርስራሾችም ተምረው ይመለሳሉ። የሚያስተምራቸው እሱ ነው። መምህር ግን አልነበረም፤ ሹፌር ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጆቹን ጫካው በር ላይ ያራግፍና ጫማውን አውልቆ፣ የኋላው ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጥሎ እስኪመለሱ ድረስ ይተኛል። «እነሱ ቅጠል ይልቀሙ፣ እኔ እንቅልፌን ልልቀም» ይል ነበር። አንድ ቀን ግን መኪና ያመማት አንዲት ትንሽ ልጅ ከጓደኞቿ ቀርታ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ፊቷ ገርጥቷል። ውኃ አጠጣት፣ ፊቷን አጠበላት። ሻል ሲላት ቀና ብላ «እነሱ ጋ ውሰደኝ» አለችው። እሱ ደግሞ ሕፃን «ውሰደኝ» ስትለው እምቢ የሚል አንጀት የለውም። አዝሏት ገባ።

ቡድኑ ላይ ሲደርሱ የዚያን ጊዜው አስጎብኚ፣ ጺማቸው የሸበተ ዝምተኛ ሰው፣ ከወደቀ ግንድ በመጋዝ የተቆረጠ ክብ ጣውላ ይዘው በላዩ ያለውን መስመር ልጆቹን ያስቆጥሩ ነበር። እያንዳንዱ ክብ መስመር የአንድ ዓመት ዕድገት ነው፤ ሰፊው ዝናብ የጠገበበት ዓመት፣ ቀጭኑ የተጠማበት። ሹፌሩ ልጅቷን እንዳዘለ፣ አፉን ከፍቶ ሰማ። ዛፍ የደረሰበትን ሁሉ በሆዱ ይዞ ዝም እንደሚል እስከዚያ ቀን የነገረው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱ ውስጥ ተኝቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ሆኖ፣ ልጆቹን በዓይኑ እየቆጠረ፣ የሽበታሙን ሰውዬ ቃል አንድም ሳያስቀር እየለቀመ ይከተላል።

የዓይኑ ነገር የመጣው በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ከአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ወደ ኋላ ሲያወጣ አንድ ነገር ሲሰበር ሰማ። ወርዶ ቢያይ ጎማው ሥር የአበባ ማሰሮ ደቅቋል። ማሰሮው በግራው ስፖኪዮ ላይ ቁልጭ ብሎ መታየት ነበረበት፤ እሱ ግን ስፖኪዮውንም አላየውም። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን በዚያው ቀን ለቀጣሪው መለሰ። «ማሰሮ ነው እኮ!» ቢሉት፣ «ዛሬ ማሰሮ ነው» ብሎ ወጣ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለው። ጎን ለጎን ያለው እይታው ጠፍቷል፣ የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታውን ጠዋትና ማታ ካልረሳ የቀረው ሊቆይለት ይችላል።

ሦስት ወር ቤት ዋለ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሠራው በረንዳው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እሱ ደግሞ ሥራ ፈት እጅ ይዞ መቀሱን ያነሣል፣ ክሩን ያወሳስባል፣ ደንበኛ ሲመጣ በሩ ላይ ይደነቀራል። «አንተ ሰውዬ» አለችው አንድ ቀን፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች፣ «ወይ ቁልፍ ትከል፣ ወይ ራስህን የሆነ ቦታ ትከል!»

በዚያው ሳምንት የጫካው ጣቢያ ኃላፊ አስጠራችው። ገና ሥራ የጀመረች ወጣት ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ ያውቃታል።

«ጋሼ፣ አስጎብኛችን ጡረታ ወጡ» አለችው። «መንገዱን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«የዓይኔን ነገር ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ። ወደ ፊት ያያሉ?»

«ወደ ፊትማ አያለሁ፤ በቧንቧ እንደማየት ነው።»

«ልጆቹም ከፊትዎ ነው የሚሆኑት» አለችና የጣቢያውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችለት።

እንዲህ ሆኖ ጀመረ፤ ጀምሮም ሥራው እንደ ልኩ የተሰፋ ልብስ ሆነለት። ልጆቹ ወረቀት የዛፍ ቅርፊት ላይ አድርገው በእርሳስ ሲፈገፍጉ የቅርፊቱ መልክ ይወጣል። አንድ ጭብጥ አፈር ነጭ ሰሃን ላይ በትነው የሚንቀሳቀሰውን ይቆጥራሉ። ሦስት ደቂቃ ዓይናቸውን ጨፍነው የሰሙትን ድምፅ በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ሁልጊዜም አንዱ «የራሴን ሆድ ሰማሁ» ይላል። መጨረሻ ላይ፣ ጫካው መሀል፣ ታሪክ ይመጣል።

እዚያ ሰው የሚያህል ክብ የድንጋይ ግንብ አለ። ከሥሩ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት አፍ አለው። አጠገቡ የቆመው አሮጌ ሰሌዳ «ጥንታዊ የአዳኝ ማረፊያ። ደኑ የሰው እጅ ያልነካው ነው» ይላል። ሽበታሙ ሰውዬ ይህን አንብበው ያልፉ ነበር። ጋሼ ቁሙ ግን ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ማለፍ አልሆነለትም። በመጀመሪያው ዓመት ለአዳኙ ውሻ ሰጠው። በሁለተኛው ዓመት ውሻው አንካሳ ሆነ። በሦስተኛው አዳኙ በዝናብ ቀን ጠፍቶ አንካሳው ውሻ ፈልጎ አገኘው። ልጆቹ ፍዝዝ ብለው ይሰሙታል፤ ወደ አውቶቡሱ ሲመለሱ የሚያወሩትም ስለ ውሻው ነው። እሱም በልቡ «ይኸው፣ ታሪክ ወደዱ!» እያለ ስድስት ዓመት ደስ አለው።

አንድ ሐሙስ የሦስተኛ ክፍል ልጆች መጡ። ትምህርት ቤቱ ለየአሥሩ ልጅ አንድ ወላጅ አብሮ እንዲመጣ ይጠይቃል፤ እናቷን ሥራ ያልለቀቀላት አንዲት ተማሪ አያቷን ይዛ መጥታለች። ቀጠን ያሉ፣ ከዘራ የያዙ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እማማ ናቸው። እርምጃቸው ዝግ ያለ ስለ ሆነ እሱም ዝግ አለላቸው። በየመሀሉ ይቆሙና ግራና ቀኝ ያያሉ።

ግንቡ ጋ ደረሱ። አዳኙ መጣ፣ ዝናቡ ዘነበ፣ አንካሳው ውሻ እያነከሰ በጨለማው ገባ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። በዚህ መሀል ከኋላ ሳቅ ተሰማ። የክፋት ሳቅ አይደለም፤ ሰው የጠፋ ዕቃውን ያልጠበቀው ቦታ ሲያገኝ የሚስቀው ዓይነት ነው።

«አንተ ልጄ» አሉት እማማ፣ «ይህን ማን ነገረህ?»

«ሰሌዳው ላይ ተጽፏል እማማ።»

«ሰሌዳውንስ ማን ነገረው?»

ዞር ብሎ ሰሌዳውን አየው።

«ቤት ነው አልክ። መስኮት የሌለው ቤት ታውቃለህ? አዳኝ አልክ። ምን ሊያድን? ጥንቸል የምትደበቅበት ቁጥቋጦ እንኳ አልነበረም እኮ! ከዚህ ቆመህ እዚያ ማዶ ሰው ሲያስነጥስ ታየው ነበር።» ከዘራቸውን ግንቡ ላይ ጠቆሙ። «ይህ የኖራ እቶን ነው፤ ድንጋይ ተቃጥሎ ኖራ የሚሆንበት። አባቴ እሳቱን ይጠብቅ ነበር። እኔ ከዚህ ሠላሳ እርምጃ እልፍ ብላ በነበረች ቤት ነው የተወለድኩት።»

የልጅ ልጃቸው አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እሱ የኪሱን ቁልፍ አውጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የግንቡን አፍ ጠርዝ የሸፈነውን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ፋቀው። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ረገፈ። ኖራ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከፊቱ ቆሞ ሲያወራ አንድ ቀን ፍቆት አያውቅም።

«ዛፎቹስ?» አለ፤ ድምፁ አንሷል። «የሰው እጅ ያልነካው…»

«ና እስቲ ወዲህ።» እጁን ይዘው እንደ ልጅ ጎትተው ከሁለት ዛፎች መሀል አቆሙት። «ቀጥ ብለህ እይ።»

አየ። ጎን ማየት የተሳነው ዓይኑ፣ በቧንቧ የሚያየው ዓይኑ፣ ግንዶቹን አንድ በአንድ፣ እንደ ተሰፋ ክር ቀጥ ብለው እስከ ዳገቱ ሲወጡ አየ። በመስመር ነው የቆሙት። ዛፍ በራሱ ፈቃድ በመስመር አይቆምም።

«እኛ ነን የተከልናቸው» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።»

ያን ጊዜ ሽበታሙ ሰውዬ ያስቆጥሩበት የነበረው፣ አሁን ዳሱ ውስጥ የተሰቀለው ክብ ጣውላ ትዝ አለው። ሠላሳ ስምንት መስመር አለው፤ ከስንት መቶ ልጅ ጋር ቆጥሮታል። ዛፉ ከወደቀ ሃያ ዓመት አልፎታል። ደምር ቢባል ማንም ይደምረዋል፤ እሱ ግን ደምሮት አያውቅም። ጥንታዊ የተባለው ጫካ ከእሱ ከራሱ በጥቂት ዓመት ብቻ የሚበልጥ ነው።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ውሻውስ?»

«ውሻውም የለም» አለ። «ውሻውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከኋላ ያለች አንዲት ልጅ ለውሻው አለቀሰች። እማማ ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ «አይዞሽ፣ እውነተኛ ውሻ ነበረን። እሱም ሌባ ነበር፤ የአባቴን ዳቦ እየሰረቀ ይበላ ነበር» ብለው አባበሏት።

ኃላፊዋ ነገሩን ስትሰማ ግንባሯን አሸች። ሰሌዳው ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው፤ እስኪጣራ ጊዜ ይፈልጋል። «ለጊዜው አዳኙን መተው ይችላሉ ጋሼ፤ ማን ይጠይቅዎታል?» አለችው። አዳኙን መተው ለእሱ ከባድ አልነበረም። የከበደው ሌላ ነው። የዚያን ዕለት ምሽት እራቱን እያየ አልነካውም።

«ምን ሆነሃል?» አለች ሚስቱ።

ነገራት። ስድስት ዓመት፣ በሳምንት ሁለት ቡድን፣ በቡድን አርባ ልጅ።

«ልጆቹ ረስተውታል» አለችው።

«ካልረሱትስ?»

«እንግዲያው ዞረህ ንገራቸዋ!» አለችና ሳቀች። እሷ ቀልዷን ነው። ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ሳቋ ቆመ፤ ባሏ ቀልድና ቁም ነገር የሚለይበት ጊዜ አልነበረም።

ከመዞሩ በፊት ግን ትክክለኛውን ማወቅ ነበረበት። እሑድ እሑድ እማማ ቤት መሄድ ጀመረ። ዓይኑ ብዙ ለመጻፍ አይመችም፤ ስለዚህ ሚስቱ አብራው ሄደች። መጀመሪያ ፊቷን አጨፍግጋ ነው የሄደችው፤ የሚጠብቃት የሙሽራ ቀሚስ ነበረ። የልብስ ልክ የምታወጣበትን ትልቁን ቡናማ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በማስመሪያዋና በኖራማ ጠመኔዋ እማማ የሚሉትን መሣል ስትጀምር ግን ቀሚሱን ረሳችው።

«ቤታችሁ ከእቶኑ ስንት እርምጃ ነው አሉኝ?»

«ሠላሳ፤ በልጅ እግር።»

«በልጅ እግርማ ከሆነ ሃያ እንበለው። በሩ ወዴት ይዞራል?»

«ወደ ጅረቱ። ጅረቱ ሳይደርቅ።»

እንዲህ እያለ ወረቀቱ ላይ አንድ ሰፈር ተነሣ። ሃያ ሁለት ቤት፣ ሦስት እቶን፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ። እቶኑ አንዴ ከተቀጣጠለ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አይጠፋም፤ እንጨት ይበላል። መጀመሪያ ቅርቡን ዛፍ በላ፣ ቀጥሎ የዳገቱን፣ በመጨረሻ ሴቶቹ ግማሽ ቀን ሄደው ጭራሮ እስከሚለቅሙ ድረስ በላ። የከተማዋ ግድግዳ ሁሉ ነጭ የሆነው በዚያ ኖራ ነው። እንጨቱ ሲያልቅ ጅረቱም ደረቀ፤ እቶኑ ተዘጋ፤ ሰፈርተኛው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲለቅ ተነገረው። በዚያች በመጨረሻዋ ዓመት ሰፈርተኛው ሁሉ ችግኝ እንዲተክል ተደረገ።

«ውኃውን በቆርቆሮ ከሩቅ ተሸክመን ነበር የምናጠጣው» አሉ እማማ። «እናቴና ጎረቤቶቿ ይሳሳቁ ነበር። ‹ጥላውን ሌላ ሰው ሊቀመጥበት እኛ ወገባችን ተቆረጠ› ይላሉ። ይስቃሉ እንጂ መትከሉን የተወች አንዲትም አልነበረችም። ከተከልን በኋላ ለቀቅን። እኔም ከተማ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ስድሳ ዓመት አልተመለስኩም። ምን አለና ልመለስ? ራቁት ኮረብታ መስሎኝ ነበር እኮ።»

ይህን ሲሉ ሚስቱ ጠመኔዋን አስቀመጠች። የእማማን እጅ ያዘች።

ከዚያ ጉዞው ተጀመረ። የትምህርት ቤቶቹን በር ሁሉ ያውቃል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቶቡስ ያስገባባቸው ናቸው። የትኛው በር ጠባብ እንደ ሆነ፣ የትኛው ጥበቃ ክፉ እንደ ሆነ በቃሉ ይዞታል። አሁን ግን በእግሩና በከተማ አውቶቡስ ነው፤ የተጠቀለለውን ቡናማ ወረቀት በብብቱ ይዞ።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ከየት ነው የተላኩት?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ደብዳቤ ይዘዋል?»

«ደብዳቤ የለኝም። ያለኝ ስሕተት ነው። ለተማሪዎችዎ የተሳሳተ ነገር አስተምሬያቸዋለሁ፤ ላርመው ነው።»

ርእሰ መምህሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሠላሳ ዓመት በመምህርነት ሲኖሩ ለዚህ ጉዳይ ብሎ የመጣ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም። በማግሥቱ ጠዋት በሰልፍ ላይ አምስት ደቂቃ ፈቀዱለት። አምስቱ ደቂቃ ሃያ ሆነ፤ ማንም አላስቆመውም።

ሁሉም እንዲህ አልነበሩም። አንዱ ጋ ጥበቃው ከበር መለሰው፤ በአጥሩ ስንጥቅ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ኳስ ሊያመጡ ለመጡ አራት ልጆች ብቻ ነግሮ ሄደ። አንዱ ጋ የጎበኙት ልጆች ሁሉ አድገው ወጥተዋል። መድኃኒት ቤት የዓይን ጠብታውን ሊገዛ ሲሄድ የምታስተናግደው ወጣት አተኩራ አየችውና፣ «ጋሼ ቁሙ! ያ አንካሳ ውሻ እኮ…» ብላ ስትጀምር፣ ወረፋው እንዳለ ቆሞ እያለ ለሷም እውነቱን ነገራት። ከኋላው ያሉት ሰዎች ተቆጡ። እሷ ግን ጠብታውን እየሰጠችው፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ውሻዬን ‹አንካሳ› ብዬ ነው ያሳደግኩት፤ አሁን ምን ልበለው?» አለችው።

በአንድ ትምህርት ቤት፣ ስድስተኛ ክፍል ውስጥ፣ ንግግሩን ሲጨርስ ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ተነሣች። ፊቷ ላይ ሳቅ የለም።

«ስለ አዳኙ ዋሽተውናል። ሌላስ? ከነገሩን ውስጥ ሌላው ውሸት የትኛው ነው?»

መምህሯ «ተይ!» ብላ ልትቆጣት ተነሣች። እሱ እጁን አነሣ።

«ተያት፤ ትክክል ነው የጠየቀችው።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ልጄ፣ አላውቅም። አውቄ የዋሸሁት ውሻውን ነው። ሳላውቅ የዋሸሁት ሌላ ካለ፣ ገና አላወቅሁትም ማለት ነው። ያወቅሁ ቀን ተመልሼ እመጣለሁ። አንቺም ቀድመሽ ካወቅሽ ንገሪኝ፤ አልቀየምሽም።»

ልጅቷ ጥቂት አየችውና ተቀመጠች። ሲወጣ በኮሪደሩ ተከተለችው። «ጋሼ፣ ጅረቱ ግን ተመልሷል?» አለችው። በቅርብ ዓመታት ከእቶኑ በታች ያለው መሬት ሁልጊዜ እርጥብ እንደ ሆነ፣ የልጆቹ ጫማ የሚጨቀየው እዚያ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ልብ አለ። «እየተመለሰ ነው መሰለኝ» አላት። «ነይና አብረን እንየው።»

አሥራ አንድ ትምህርት ቤት አዳረሰ። ሁለት ወር ፈጀበት፤ የጫማውንም ሶል ጨረሰ። ልጆች ደግሞ ነገር ሰምተው እዚያው የሚተዉ ፍጥረቶች አይደሉም፤ ቤታቸው ወስደው ለአባት፣ ለአክስት፣ ለአያት ያወራሉ። አንድ ቀን በጣቢያው ስልክ ድምፃቸው የሻከረ አንድ ሰው ደወሉ። «ስለ ኖራ ሰፈር የምታወሩት እናንተ ናችሁ?» በማግሥቱ ሌላ ተደወለ። በወሩ መጨረሻ ዘጠኝ አዛውንቶች ስማቸውን አስመዘገቡ። ኃላፊዋ የስልኩን እጀታ እንደያዘች፣ «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ምን እስኪጣራ እጠብቃለሁ?» አለችና ራሷ አውቶቡስ ለመነች።

አዛውንቶቹና የስድስተኛ ክፍል ልጆች በአንድ ቀን መጡ። የጋሼ ቁሙ ሚስት የስፌት ክፍሏን ዘግታ፣ ወረቀቷን ዘርግታ፣ አንድ ቦርሳ ሙሉ ነጭ ክር ይዛ ቆማለች። ሥራው እንዲህ ነው፤ አንዱ አዛውንት ቦታውን ያሳያል፣ ልጆቹ ችካል ይተክላሉ፣ ክሩን ይወጥራሉ፤ በዛፎቹ መሀል የቤቱ ግድግዳ የነበረበት ይወጣል። ያን ቀን የሚያስተምረው እሱ አይደለም። ወዲህና ወዲያ እየሄደ ለደከመው ወንበር ያቀርባል፣ ለተጠማው ውኃ ይሰጣል፣ ይሰማል። ሁለት ሽማግሌዎች ስለ አንድ የውኃ ጉድጓድ ቦታ እስከ መኳረፍ ተከራከሩ። አንዱ «ወድቄበት አውቃለሁ!» ሲሉ ሌላው፣ «አንተማ ያልወደቅክበት ጉድጓድ የት አለ?» አሏቸው።

እማማ በክር የተሠራው ቤታቸው መሀል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያቺ ጠያቂዋ ልጅ ክር ይዛ በጥግ በኩል ስታልፍ በከዘራቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ።

«አንቺ፣ ከአልጋዬ ላይ ውረጂ!»

ልጅቷ ደንግጣ ዘለለች። ዙሪያውን የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ እማማ ግን አልሳቁም። ባዶውን ጥግ፣ የረገፈውን ቅጠል፣ እያዩ ቆዩ። «ሦስት እህትማማች ነበርን የምንተኛበት» አሉ ቀስ ብለው። ልጅቷ ክሯን ጥላ ተመልሳ መጣችና አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

አሮጌው ሰሌዳ በዓመቱ ተነሣ። አዲሱ አጭር ነው፤ የኖራ ሰፈር እዚህ እንደ ነበረ፣ ጫካውን የተከሉት የሰፈሩ ሰዎች እንደ ሆኑ ይናገርና፣ የቀረውን የሚያውቅ ሰው ለጣቢያው እንዲነግር ይለምናል። የጋሼ ቁሙ ዓይን ትንሽ ደክሟል፤ ጠብታውን ግን ሚስቱ ታስታውሰዋለች። ሐሙስ ሐሙስ እማማ ጉልበታቸው ከፈቀደ ይመጣሉ፤ ታሪኩን እሳቸው ይነግራሉ፣ እሱ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ይሰማል።

ባለፈው ሳምንት የመጡት የአንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው። እማማ ተናግረው ሲጨርሱ የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ሕፃን መጥታ ቀሚሳቸውን ያዘች።

«እማማ፣ እርስዎ የተከሉት ዛፍ የትኛው ነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ። በጣም ብዙ ነበሩ፤ እያንዳንዷም ጣት የምታክል ነበረች።»

«ታዲያ የትኛውን ልቀፍ?»

እማማ ጫካውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «የቀረበሽን» አሏት።

ሕፃኗ ዞር ብላ አጠገቧ ያለውን ዛፍ አቀፈች። ክንዶቿ ግማሹን እንኳ አልደረሱም። ጋሼ ቁሙ ከተቀመጠበት ተነሣና በወዲያኛው በኩል ሄዶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ግንዱን እየዳበሰ ትንንሽ ጣቶቿን ፈለገ።